እናት አረብ አገር፣ ልጅ ሱቅ ደጅ፦ ሲጋራው የሚገባው በየት በኩል ነው?

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እስከ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርሱ ሠራተኞችን ወደ ሳውዲ አረቢያ ለመላክ ምልመላ ሲጀምር፣ አብዛኛው ክርክር ስለ ሂያጆቹ ነበር። ደመወዙ ስንት ነው? አሠሪው ቢበድል ማን ይደርስላቸዋል? ፓስፖርታቸውን ማን ይይዘዋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እዚህ ስለሚቀሩት ልጆች የተባለው ግን ጥቂት ነው። የተባለውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አንዱ «እናት የሌለችበት ቤት ልጅ ዱርዬ ነው የሚሆነው» ይላል። ሌላው «የሚላከው ብር ነው ያበላሻቸው» ይላል። ለሁለቱም ምልክቱ አንድ ነው፤ ልጁ ሲጋራ ጀምሯል።

ሁለቱም አባባሎች ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ሲጋራው ወደ ልጁ እጅ የሚገባበትን በር አያሳዩም። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሦስት ተራ ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እራት እስኪደርስ የት እንደሚውል የሚያውቅ ሰው የለም። ሰፈሩ ውስጥ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። በስልክ ደግሞ ሁሉም ሰው «ደህና ነን» ይላል።

የምናወራው ስለ የትኞቹ ልጆች ነው?

አጥኚዎች «ወደኋላ የቀሩ ልጆች» ይሏቸዋል። እናት ወይም አባት፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ ለሥራ ርቀው ሄደው እነሱ ከዘመድ ጋር የቀሩ ልጆች ማለት ነው። ስያሜው ይበልጥ የታወቀው በቻይና ነው። እዚያ ከገጠር ወደ ፋብሪካ ከተሞች የጎረፉ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መሄድ ከበዳቸው። «ሁኮው» የሚባለው የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት የገጠር ልጅ በከተማ ትምህርት ቤት በቀላሉ እንዳይገባ ያደርግ ነበር።

የቻይና ሴቶች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት እንዲህ የቀሩት ልጆች 61 ሚሊዮን ነበሩ። መንግሥት በ2016 ሲቆጥር ቁጥሩ ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። ወላጆቹ ተመልሰው አይደለም። በሁለተኛው ቆጠራ የተካተቱት ከ16 ዓመት በታች ሆነው ሁለቱም ወላጆች የሄዱባቸው፣ ወይም አንዱ ሄዶ የቀረው ማሳደግ የማይችል ልጆች ብቻ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቁጥር የሚያነብ ሰው መጀመሪያ «ማንን ነው የቆጠሩት?» ማለት አለበት።

በእኛ አገር ነገሩ ቢያንስ ሁለት መልክ አለው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሌሎችም አካባቢዎች በብዛት የሚሄዱት ሴቶች ናቸው፤ ለቤት ሠራተኝነት፣ ወደ ሳውዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ቤይሩት። ከሀዲያና ከከምባታ ደግሞ ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ።

አባት ሲሄድ ቤቱ ብዙውን ጊዜ እንደነበረ ይቀጥላል፤ እናት አለች። እናት ስትሄድ ግን ቤቱ ራሱ ይቀየራል። ልጆቹ አያት ጋ ይገባሉ፣ ወይ አክስት ጋ ይከፋፈላሉ፣ ወይ ታላቅ እህት በ14 ዓመቷ እናት ትሆናለች። «የስደተኛ ልጅ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራቸው ልጆች ኑሯቸው አንድ አይደለም።

ጥናቱ ምን ይላል? ምን አይልም?

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሰፊ ሜታ አናሊሲስ አትሟል። ሜታ አናሊሲስ ማለት በየቦታው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ውጤታቸውን በአንድ ላይ የሚመዝን ጥናት ነው። ይኸኛው 111 ጥናቶችን ሰብስቧል። በውስጣቸው ከ260 ሺህ በላይ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው የሄዱባቸው ልጆች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ52 በመቶ ይበልጣል። ጭንቀት በ85 በመቶ ይበልጣል። ሲጋራን፣ አልኮልንና የመሳሰሉትን የመጠቀም ዕድላቸው ደግሞ በ24 በመቶ ይበልጣል።

24 በመቶ ሲባል ሰው የሚሰማው «ከአራት አንዱ ያጨሳል» ነው። እንደዚያ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ወላጆቻቸው አብረዋቸው ካሉ 100 ልጆች 10 የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ወላጆቻቸው ከሄዱባቸው 100 ልጆች 12 ወይም 13 ይጠቀማሉ እንደማለት ነው። ልዩነቱ አለ፣ ቀላልም አይደለም። ግን በዚህ ምሳሌ 87 ያህሉ አይጠቀሙም። «እናቱ አረብ አገር ናት» ተብሎ ገና ከመነሻው በጥርጣሬ ዓይን የሚታየው ልጅ ከእነዚህ አንዱ የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከ111ዱ ጥናቶች 91ዱ የተሠሩት በቻይና ውስጥ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ስለሄዱ ወላጆች ነው። ቻይና ደግሞ ሲጋራ የሰርግ መስተንግዶና የእንግዳ ስጦታ የሆነባት አገር ናት። ልጁ የቀረው አያቱ ጋ ነው፤ አያትየው ራሱ አጫሽ ሊሆን ይችላል፤ ሲጋራው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ቅኝት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ነበሩ። የሚያጨሱት ከወንዶች 6.2 በመቶ፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ ናቸው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ልጅ አያቱ ፊት ሲጋራ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ የእኛ ልጅ ሲጋራን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከቤት አይደለም፤ ከውጭ ነው። ይህ ልዩነት መፍትሔውንም ይቀይረዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መንስኤን መለየት ነው። ብዙ እናቶች የሚሄዱት ከፍቺ በኋላ፣ ወይም ባል ከሞተ በኋላ፣ ወይም ዕዳ ከገባ በኋላ ነው። ልጁን የጎዳው የእናት መሄድ ነው ወይስ እንድትሄድ ያደረጋት ነገር? በደቡብ ምሥራቅ እስያ አራት አገሮች ላይ የተደረገ የንጽጽር ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በኢንዶኔዥያና በታይላንድ አባታቸው የሄደባቸው ልጆች ሥነ ልቦናዊ ደህንነታቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በፊሊፒንስና በቬትናም ግን ይኸው ውጤት አልታየም። መለየት ብቻውን ልጅን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ በአራቱም አገር አንድ ዓይነት ውጤት መታየት ነበረበት። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከመለየቱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው፤ ማን ቀረ፣ ምን ያህል ይከታተላል፣ ማኅበረሰቡ ለዚህ ዓይነት ኑሮ ምን ያህል ተዘጋጅቷል።

ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት

በብዙ ከተሞቻችን ትምህርት በፈረቃ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። ከዚያ እስከ ምሽት አንድ ሰዓት ድረስ ቀኑ የራሱ ነው።

እናት ቤት ስትኖር እነዚህ ሰዓታት ባዶ አይደሉም። ቁጣ ወይም ምክር ላይኖር ይችላል። ግን «ሂድ ወፍጮ ቤት»፣ «ና ብላ»፣ «ማን ነው ያ ልጅ አብሮህ የቆመው?» የሚል ድምፅ አለ። ልብስ ሲታጠብ ኪስ ይፈተሻል። ሲጋራ ሸቶ የገባ ልጅ በሩ ላይ ይታወቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን «የወላጅ ክትትል» ይሉታል። ወላጁ ልጁ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቁ ማለት ነው። በወጣቶች የትምባሆ አጠቃቀም ላይ በተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ክትትሉ ሲላላ የማጨስ ዕድል ይጨምራል።

አያት ይህን ትችላለች? ብዙ አያቶች ይችላሉ፣ እያደረጉትም ነው። ግን ዓይኗ የደከመ፣ ጉልበቷን የሚያማት የ70 ዓመት ሴት የ16 ዓመት ጎረምሳን ፑል ቤት ድረስ ሄዳ አትፈልገውም። ሌላም ነገር አለ። የአደራ ልጅ ነው። አክስት የራሷን ልጅ በጥፊ ብትል ማንም ምንም አይላትም፤ የእህቷን ልጅ ግን ብትቆጣው «እናቱ ስለሌለች ነው የምትበድለው» ይባላል። ስለዚህ ትተወዋለች። ልጁም ይህን ቶሎ ያውቃል። የሚወደው ሰው ሞልቶ የሚቆጣው ሰው የሌለው ልጅ ይሆናል።

ጎረምሳው የሚሄድበት ቦታም የታወቀ ነው፤ ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ የጓደኛ ቤት። ብዙ ጊዜ የጓደኛው ቤት የሚመረጠው አዋቂ ስለሌለበት ነው። የዚያ ጓደኛ እናትም አረብ አገር ልትሆን ትችላለች። ብዙ ሰው በሄደበት ሰፈር አዋቂ የሌለባቸው ቤቶች ጎን ለጎን ይሆናሉ። የአንድ ቤት ክፍተት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል፤ እናታቸው ቤት ያለች ልጆች ጭምር።

አንድ ፍሬ

ሱቅ በደረቴ የያዘውን ሣጥን ልብ ብላችሁ እዩት። ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሶፍት፣ ከጎኑ የተከፈተ የሲጋራ ፓኬት። ልጅ ለማስቲካ በሚያወጣት ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምሮ አንድ ፍሬ ይገዛል። ላይተሩም ከሻጩ ነው፤ እዚያው ተለኩሶ ይሰጠዋል።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት የትምባሆ ሕጎች አንዱ ነው። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። ማስታወቂያ ክልክል ነው። ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። ፓኬቱ ከፊትም ከኋላም 70 በመቶው በሥዕልና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሸፈን አለበት።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በፍሬ የሚገዛ ልጅ ፓኬቱን አይይዘውም። የተጎዳውን ሳንባ ሥዕል የሚያየው ሻጩ ነው። 70 በመቶው ማስጠንቀቂያ በጣም ሊደርሰው የሚገባውን ሰው ሳያገኘው ይቀራል። መታወቂያ የሚጠይቅም የለም። ቢጠየቅም መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ጋሼ ልኮኝ ነው»። ይህ መልስ የሚታመነው ደግሞ እውነት የሆነበት ጊዜ ስላለ ነው። ልጅን ሲጋራ ግዛልኝ ብሎ መላክ በብዙ ሰፈር አሁንም እንደ ነውር አይቆጠርም።

ዋጋውም ሌላ በር ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ በሲጋራ ላይ የጣለው ታክስ 30 በመቶ ነበር፤ በተጨማሪም 20 ፍሬ በያዘ ፓኬት ላይ 8 ብር። 8 ብር ለ20 ሲካፈል በፍሬ 40 ሳንቲም ነው። በመቶኛ የተጣለው ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። በብር ቁርጥ የተደረገው ግን በየጊዜው ካልተከለሰ የኑሮ ውድነት ይበላዋል። በዓለም ዙሪያ የተገኘው ልምድ የሚያሳየው የሲጋራ ዋጋ ሲጨምር ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ የሚተወው ወጣት መሆኑን ነው፤ ኪሱ ትንሽ ነው፣ ሱሱም ገና አልጸናም። በሌላ በኩል የታክስ ጭማሪ የኮንትሮባንድ ሲጋራን ያበረታታል የሚሉ አሉ። ድንበራችን ረጅም ስለሆነ ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን የኮንትሮባንድ መልሱ ቁጥጥር ነው እንጂ ሲጋራን ለልጅ ርካሽ አድርጎ ማቆየት አይደለም።

ይህ ገበያ የሱቅ በደረቴው ብቻ እንዳልሆነም መርሳት አይገባም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳድጓል። ትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ብቻ በሆነበት፣ ሕዝቡ ግን ወጣት በሆነበት አገር ላይ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ የሚያየው የዛሬውን ገበያ ብቻ አይመስለኝም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ቀላል ነው። ትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ኒኮቲን ይባላል። ከተሳበ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ ገና እየተገነባ ነው። ለዚህ ነው ጎረምሳ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ የሚያዘው። በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምር በፊት እንኳ ሊያዝ ይችላል። በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። «አንድ ፍሬ ምን ያደርጋል?» የሚለው የሰፈር አነጋገር ለ40 ዓመት ሰው ሊሠራ ይችላል። ለ15 ዓመት ልጅ አይሠራም።

ጫቱን ሳያነሱ ሲጋራውን ማንሳት አይቻልም

በወሎም በጅማም ብዙ ወጣት ሲጋራን የሚያውቀው ከጫት ጋር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነትን ያነቃቃል። ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው ይከተላል። ሌላ ጊዜ የማያጨስ ሰው እንኳ በርጫ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ያጨሳል። ክፍሉ ዝግ ስለሆነ የማያጨሰውም ጭሱን ይስባል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ መጠጥ ማለት ነው። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል።

በርጫ የሚያዘው መቼ ነው? ከምሳ በኋላ፣ ከሰዓት። ከላይ ያየናቸው ባዶ ሰዓታት ማለት ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በርጫው ሊጀመር ነው።

ሴቶቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ሲጋራ ይዛ መንገድ ላይ የምትታይ ልጅ የለችም ማለት ይቻላል። ሺሻ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ «ውኃው ያጣራዋል» ይባላል። አያጣራውም። በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስ መጠኑ ከ100 ሲጋራ ጭስ ጋር ሊተካከል ይችላል። ታናናሾቿን የምታሳድግ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች የ17 ዓመት ልጅ ድካሟን የምትረሳበት ቦታ ስትፈልግ ይህን ልታገኝ ትችላለች። በሲጋራ ቅኝት ላይ ግን ላትታይ ትችላለች።

«ደህና ነን»

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ስልኩን እንስማው። እናት የምትደውለው ማታ ነው፣ የአሠሪዎቿ ቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«እማ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን።»

«ትምህርቱስ?»

«እየተማረ ነው።»

አያት ልጁ ማታ ሲጋራ ሸቶ እንደገባ ታውቃለች። አትናገርም። ለምን ትናገር? በሳውዲም በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም የውጭ ሠራተኛ ሕግ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው በከፋላ ነው። ከፋላ ማለት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረበት ሥርዓት ነው። አንዳንድ ማሻሻያዎች ቢደረጉም የቤት ሠራተኛ አሁንም ልጄ ታመመብኝ ብላ በሳምንቱ መምጣት አትችልም። መረጃው ቢደርሳት ከማልቀስ በቀር የምታደርገው የለም። አያት ይህን አስልታ ነው ዝም የምትለው። ዝምታዋ ቸልተኝነት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው።

እናትም በበኩሏ ትደብቃለች። እንቅልፍ እንዳጣች፣ ደመወዟ ለሦስት ወር እንደተያዘ አትናገርም። ልጁ ይህን ስለማያውቅ የእናቱን ሕይወት በፎቶ ብቻ ያየዋል፤ ያማረ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ የገበያ ማዕከል። እሱም የልቡን አይናገርም። ሁሉም ሌላውን ላለማስጨነቅ ይዋሻል። ውጤቱ ግን ልጁ አንድም አዋቂ ምን እያለፈበት እንደሆነ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የድብርትና የጭንቀት ቁጥር ከሲጋራው ቁጥር እጥፍና ከዚያ በላይ እንደሆነ እናስታውስ። ሲጋራው ብዙ ጊዜ የዚያ ጭንቀት ተከታይ ነው። ልጁ ያረጋጋኛል ብሎ ይጀምረዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የሚያረጋጋው ሲጋራው ራሱ ያመጣውን መቁነጥነጥ ብቻ ነው።

ብሩ ነው ያበላሻቸው?

የሚላከው ገንዘብ ቤት ኪራይ ነው፣ ደብተር ነው፣ የአያት መድኃኒት ነው። ድህነት ራሱ ልጅን ወደ ጎዳና፣ ከዚያም ወደ ሱስ ይገፋል። ብሩ ባይላክ ልጁ ይሻለዋል የሚል ሰው ይህን ጎን መመዘን አለበት።

ችግር የሚሆነው ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ነው። አያት ማንበብ ስለማትችል ሐዋላውን ከባንክ የሚያወጣው የ16 ዓመቱ የበኩር ልጅ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ቀን ልጁ የቤቱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። አያት ከእሱ ትጠይቃለች እንጂ እሱ ከእሷ አይጠይቅም። ማን ማንን እንደሚያዝ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ «የት ነበርክ?» የሚል ሰው በቤቱ ውስጥ ሥልጣን የለውም። እናት ደግሞ ከጥፋተኝነት ስሜት የተነሳ «የፈለገውን ግዙለት» ትላለች። ይህን ማስተካከል ገንዘቡን ከመቀነስ ይቀላል፤ ሐዋላው በአዋቂ ስም ይላክ፣ ልጁ አብሮ ቢሄድም ቆጥሮ የሚይዘው አዋቂው ይሁን።

«እኔም እሄዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ከብሩ የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ብዙ ሰው በሄደበት ሰፈር ጎረምሳው ነገውን የሚያየው በኦቦክ፣ በጅቡቲው የባሕር መሻገሪያ፣ እና በየመን በኩል ነው። ትምህርት ቤት የሚቀመጠው ዕድሜው እስኪደርስ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ «ከ30 ዓመት በኋላ ካንሰር ይይዝሃል» ማለት ትርጉም የለውም። የሚያስበው ስለሚቀጥለው ዓመት ነው።

እናቶችን መከልከል?

«ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት አትሂድ» የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ስሪላንካ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት ለቤት ሠራተኝነት እንዳትሄድ የሚያግድ የቤተሰብ ሁኔታ ሪፖርት የሚባል ግዴታ አወጣች። የሴቶችን መብት ይነካል፣ ሴቶችን ወደ ሕገወጥ ደላላ ይገፋል የሚል ትችት ሳይለየው ቆይቶ በ2022 ቀረ። እኛም በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን ባባረረችበት ሰሞን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረግ የሥራ ጉዞን አግደን ነበር። ጉዞው አልቆመም፤ በባሕር ሆነ። እናት በሕጋዊ መንገድ ስትሄድ ቢያንስ ስልክ ትደውላለች። በባሕር ስትሄድ ለወራት ድምፅዋ ይጠፋል። ለልጁ የሚከፋው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2016 የያዘችው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ጉዞውን አልከለከለችም። ወላጅ ሲሄድ ልጁን ማሳደግ የሚችል አሳዳጊ እንዲሰይም፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅም ብቻውን እንዳይኖር የሚል መመሪያ አወጣች። አፈጻጸሙ በየቦታው ይለያያል። ሐሳቡ ግን እኛም ጋ ይሠራል። ተጓዦች ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ። ስለ ምድጃና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደሚነገራቸው ሁሉ፣ ልጁን ከሰዓት ማን እንደሚከታተል፣ ሐዋላውን ማን እንደሚያወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ችግር ሲያይ ለማን እንደሚደውል ወስነው ቢሄዱ ወጪው ትንሽ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር የአሳዳጊውን ስልክ መያዝ ብቻ ብዙ ይለውጣል። እነዚህን ልጆች በሰልፍ ፊት ለይቶ መጥራት ግን አይገባም። ስሙ ራሱ ይሰብራቸዋል።

ልጁ ጀምሮ ከተገኘ

ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚባለው «ለእናትህ እነግራለሁ» ነው። ይህ ልጁን የበለጠ መደበቅ ብቻ ያስተምረዋል። ስንት እንደሚያጨስ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በእርጋታ መጠየቅ ይሻላል። ከጫት ጋር ብቻ ከሆነ መፍትሔው የበርጫውን ሰዓት በሌላ ነገር መያዝ ነው፤ ኳስ፣ የጥናት ቡድን፣ የአጎት ሱቅ። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሳ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሱሱ ጸንቷል፤ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለእናትም መንገር ያስፈልጋል፤ ግን ልጁ አውቆ፣ አብሮ ተቀምጦ። «ይህን ጀምሮ ነበር፣ እንዲህ እያደረግን ነው» ተብሎ ሲነገራት መርዶ አይሆንባትም። እሷም ከሩቅ የምትሠራው ሥራ ታገኛለች። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «የት ነህ?» የሚል የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት መላክ ትችላለች። ማታ ላይ «ደህና ነን» ከመባባል ይልቅ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልትጠይቀው ትችላለች።

ሲያቆም የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሰሃን ይወረውራል፣ ትምህርቱ አይገባውም። አብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ይህን ያልተነገራት አያት ልጁ የባሰበት ይመስላታል፤ አንዳንዴም አዝናለት ራሷ «በቃ አንድ ግዛ» ብላ ሳንቲም ትሰጠዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደዚያ ቤት ስትገባ ከልጁ በፊት ማናገር ያለባት አያቲቱን ነው።